ሃያ ሦስተኛው ጆንያ

ያ ክረምት ከበደ። ሦስት ወር ሙሉ ጥሬ ዕቃ አልገባም፤ ዶላር የለም ተባለ። ፋብሪካው ከሦስት ፈረቃ ወደ አንድ ወረደ። የትርፍ ሰዓት ቀረ። የኮንትራት ሠራተኞች ተሰናበቱ። መብራት ሰኔ ላይ በቀን አራት ሰዓት ይጠፋ ነበር፣ ሐምሌ ላይ ስድስት። ዓለም ገና መንገድ ዳር ያለው ቦይ ሞልቶ ውሃው ሱቆች ውስጥ ገባ። የቤት ኪራይ ከሦስት ሺህ ወደ አምስት ሺህ ተኩል ሲወጣ ልጄ ሬሐና ከባሏ ከጃዕፈርና ከሁለት ልጆቿ ጋር ሰበታ እኔ ዘንድ ገባች። ያለኝ ሁለት ክፍል ነው፤ ትልቁን ለቀቅኩላቸው። ጣሪያው ያፈሳል። የገዛነው ዱቄት በሳምንቱ ይሻግታል፣ እሱኑ እንበላለን። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ጥሬ ዕቃው መጣ፤ ደስ አለን። በመጣ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ የሥራ ባልደረባዬ ዳኜ ማሽኑ ላይ ቆሞ ሳለ የወጣው ጋዝ ሳንባውን አቃጠለው።

በአሥረኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ለሱብሒ ስግደት ተነሥቼ በትልቁ ክፍል በኩል ስወጣ ሬሐና መሬት ተቀምጣለች። አጠገቧ ጥሩ ጆንያ አለ፤ ወፍራም፣ ውሃ የማያስገባ። ከእሱ ዱቄት በሣህን እየዛቀች ወደ አሮጌ ማዳበሪያ ትገለብጣለች። ልጆቹ ተኝተዋል። ጃዕፈር ግድግዳውን አቅፎ ተኝቷል፣ ወይም የተኛ መስሏል። ስታየኝ እጇ ቆመ። "አባ፣ ነቁ?" አለች። ምን እንደምታደርግ ጠየቅኋት። "ነቀዝ ገባበት መሰለኝ፤ ላየው ብዬ ነው" አለች። ነቀዝ የፈራ ሰው ዱቄቱን ከጥሩ ጆንያ አውጥቶ ቀዳዳ ማዳበሪያ ውስጥ አያስገባም። ጆንያው ጽሕፈቱ ወደ ውስጥ እንዲሆን ተገልብጧል። አፉ ላይ ታጥፎ የተመለሰው ጠርዝ ግን ቀይ ቀለም አለው። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ሁለትና ሦስት፣ በአረብኛ ቁጥር። የእጅ ጽሕፈቱ የኔ ነው። "ይሄን ከየት አመጣችሁት?" አልኳት። "ከገበያ፤ ጃዕፈር ነው የገዛው" አለች፣ ወደ ዱቄቱ እያየች። ወጣሁ። ሰግጄ ስመለስ ጆንያው በቦታው የለም፤ ጫፉ ከአልጋው ሥር ይታያል። ሻይ ቀዳችልኝ። ጠጣሁ።

እኔ የጥሬ ዕቃ መጋዘን ጠባቂ ነኝ። ፋብሪካችን የውሃ ቧንቧና መገጣጠሚያ ይሠራል። ሰው ፕላስቲክ ሁሉ አንድ ይመስለዋል። ፍሬው እንደ ሩዝ ነው፣ ነጭ ነው፣ እጅ ላይ ቢይዙት አያቃጥልም፣ አይሸትም። ግን እያንዳንዱ ጠባይ አለው። እኛ ጋ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ፒቪሲ ነው፤ መገጣጠሚያው የሚሠራበት። ሌላው አሴታል ነው፤ ለቧንቧ መክፈቻ ውስጥ ዕቃ የሚሆን፣ ጠንካራ፣ ውድ። ሠራተኛው አሴታልን ሚጥሚጣ ይለዋል፤ ሲቃጠል ዓይን ያስለቅሳል። ሁለቱ ለየብቻ ሲሆኑ ችግር የለም። ማሽን ውስጥ ሙቀት ላይ ከተገናኙ ግን ይፈላሉ፤ ማሽኑ በጋዝ ይሞላል፣ የቀለጠውን ይተፋል፣ ጋዙ ጉሮሮና ሳንባ ይጠብሳል። ማሽኑ ሲተከል የመጣው ቴክኒሻን ይሄን በአስተርጓሚ ሦስት ቀን ነገረን። ያን ጊዜ ከነበርነው ውስጥ አሁን የቀረነው እኔና ዳኜ ብቻ ነን።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፣ ከዚያ በፊት ቁርአን ቤት። ጆንያ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ አላነብም። ስለዚህ የራሴን ሥርዓት አበጀሁ። ሚጥሚጣው በምሥራቅ ግድግዳ በኩል ይቀመጣል፣ ፒቪሲው በምዕራብ፤ መካከላቸው የብሎኬት ግድግዳ አለ። ከመሬት በእንጨት መደብ ከፍ ይላሉ፣ ፀሐይ አይነካቸውም፣ እሳት አይቀርባቸውም። መጥረጊያቸው ለየብቻ ነው፣ አካፋቸውም። መሬት የፈሰሰ ፍሬ ወዲያው ይጠረጋል፤ የረገጠው ሰው ይንሸራተታል። የተከፈተ ጆንያ ማታ ታስሮ ወደ ቦታው ይመለሳል። ያልታወቀ ፍሬ ከተገኘ በጉጠት ይዤ በክብሪት አቃጥዬ ከሩቅ አሸታለሁ። የሚጥሚጣውን ጆንያ ሁሉ ሲገባ በቀይ ቀለም ቁጥር እጽፍበታለሁ፤ በአረብኛ እጽፈዋለሁ፣ እጄ የለመደው እሱን ነው። ባዶ ሲሆን በቢላ እሰነጥቀዋለሁ፣ ቁጥሩ ያለበትን ጥግ ቆርጬ ሽቦ ላይ አንጠለጥላለሁ።

ሰው ግን ጆንያ ይወዳል። በፋብሪካችን ደንብ ባዶ ጆንያ ባዶ ላደረገው ሠራተኛ ነው። ለጤፍ ይሆናል፣ ለከሰል ይሆናል፣ ጣሪያ ይደፍናል። የፒቪሲውን እሰጣለሁ። የሚጥሚጣው ከሁሉ ይበልጣል፤ ውሃ አያስገባም፣ አይቀደድም። ደህናውን ጆንያ እየሰነጠቅኩ ስጥል ሠራተኛው እንደ ንፍገት ያየዋል። "ጋሽ አብዶ ይሄ ቢላ ባይኖርዎት ሀብታም ነበርን" ይሉኛል። ይቀልዳሉ፣ እኔ አልስቅም። ጆንያ ከነስሙ ደህና ሆኖ ከወጣ ነገ ምን ተሞልቶበት እንደሚመለስ አይታወቅም። የሰው እህልም በእሱ መቀመጥ የለበትም።

ዳኜ ከመጎዳቱ በፊት በነበረው ቅዳሜ ቡራዩ ለቅሶ ነበረብኝ። ቁልፉን ለጃዕፈር ሰጠሁት። ፈረቃ መሪ ነው፤ የልጄ ባል ነው። በአሥራ አራት ዓመት ለሌላ ሰው ሰጥቼ አላውቅም። ሰኞ ጠዋት ዳኜ ሦስት ቁጥር ማሽን አጠገብ ተከፍቶ ከቆመው የፒቪሲ ጆንያ ማሽኑን ሞላ። በውስጡ ሚጥሚጣ ነበረበት። ሽታው እንደመጣ ሦስቱን ሴቶች እየገፋ አስወጣ፣ የብረት በሩን ከፈተ፣ ተመልሶ ገባ። ሙቀቱን አጠፋ፣ የቀለጠውን ውሃ ባልዲ ውስጥ ከተተ። ቴክኒሻኑ ያስተማረንን አንዱንም አልረሳም። ከዚያ በር ላይ ወደቀ። ሴቶቹ ዛሬ ሥራ ላይ ናቸው። ያን ጠዋት እኔን ጠሩኝ፤ ፍሬውን አቃጥዬ አሸተትኩ፤ ዓይኔ አነባ፣ አወቅኩት። ሽቦዬን ቆጠርኩ። እስከ ሃያ ሁለት ተሰንጥቋል፣ ከሃያ አራት እስከ አርባ መጋዘን ውስጥ አለ። ሃያ ሦስት የለም። ጃዕፈርን ጠየቅኩት። "ቅዳሜ የተረፈውን የመለሰው ዳኜ ነው፤ እሱን ይጠይቁት አባ" አለኝ። ዳኜ ያን ጊዜ በቱቦ ነበር የሚተነፍሰው።

ሐሙስ ጠዋት መጋዘን ስደርስ የጽዳት ሠራተኛዋ ጠጅቱ በሩ ላይ ትጠብቀኛለች። "አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ አብዶ" ብላ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አለችኝ። "ነጋ፣ ደህና ነኝ ጠጅቱ፤ አንቺስ?" አልኳት። ወደ ኋላዋ አየች። ትናንት ከሰዓት የቢሮውን ኮሪደር ስትወለውል በሩ ክፍት ነበር። የሰማችውን በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። "በዳኜ ላይ ሊጽፉበት ነው። ሚጥሚጣውን ቅዳሜ እሱ ራሱ ደባለቀው የሚል ቃል ተነበበ። ያቺን የድሮ ማስጠንቀቂያ አወጧት፤ ከዚህ በፊትም በቸልተኝነት መጋዘን አቃጥሏል ተባለ። ጥፋቱ የራሱ ነው፣ ሕክምናውን ራሱ ይቻል አሉ። ዛሬ ስምንት ሰዓት ይፈርማሉ።" ቃሉን የሰጠው ማን እንደሆነ እያወቅኩ ጠየቅኋት። "ማሎ፣ እባክዎ ኦቦ አብዶ፣ እኔን አያስምሉኝ። አማችዎ ነው። ስለ እርስዎም አለበት። አርጅተዋል፣ ቁልፍ የትም ጥለው ይሄዳሉ ብሏል።" መጥረጊያዋን አነሣች። "ማል ጎና?" አለች፤ ምን እናድርግ ማለቷ ነው። የመጋዘኑን በር ከፈትኩ። ሄደች።

ያቺ የድሮ ማስጠንቀቂያ የኔ ነበረች። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት፣ እንዲህ ባለ ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ ሚስቴ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ሬሐና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ቀን መጋዘን እሠራለሁ፣ ማታ ሆስፒታል መሬት ላይ እተኛለሁ። አንድ ጠዋት ልብሴ በስብሶ መጣሁ፤ የከሰል ምድጃ መጋዘኑ ውስጥ አስገባሁ። እንዳልኩት እሳት እዚያ አይገባም። እኔም ያን ጊዜ አውቅ ነበር። እየሞቅኩ ተኛሁ። ስነቃ የጆንያው ጥግ ይንጠባጠባል፣ ጭስ ሞልቷል። ዳኜ ያኔ ፈረቃ መሪ ነበር። ጎትቶ አወጣኝ፣ በአሸዋ አጠፋው። ሦስት መደብ ሙሉ ጥሬ ዕቃ ተበላሸ። ሲጠየቅ "ምድጃውን ያስገባሁት እኔ ነኝ" አለ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። አፌን አልከፈትኩም። ከመሪነት አውርደው ማሽን ላይ መደቡት፣ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ጻፉበት። የኔ ደመወዝ ሳይቋረጥ ቀጠለ፤ ሚስቴ መስከረም ላይ እስክትሞት ድረስ መድኃኒቷን ገዛሁበት። ዳኜ ስለዚያ ነገር አንድ ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም። እኔም አላነሣሁም። በየፋሲካው ዶሮ ይዤ ቤቱ እሄዳለሁ፣ በር ላይ እሰጣለሁ። ግባ ይለኛል። እቸኩላለሁ እላለሁ። አሥራ አራት ዓመት ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አላውቅም። እሱ የተነሣበት የመሪነት ቦታ ላይ አሁን ያለው ጃዕፈር ነው። እዚያ ያስገባሁትም እኔ ነኝ፤ ለምኜ።

ስድስት ሰዓት ላይ በባጃጅ ወደ ቤት ተመለስኩ። ባለ ባጃጁ ሃያ ብር ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት፣ በሌላ ቀን እከራከር ነበር። ሬሐና ደጅ ላይ ልብስ ታጥባለች። አላናገርኳትም። ገብቼ ጆንያውን ከአልጋው ሥር ጎተትኩ። ግማሹ ዱቄት አሁንም ውስጡ ነው። ትልቁን የሊጥ ሳፋ አምጥቼ ገለበጥኩበት። ዱቄቱ ደረቅ ነው፣ አልሻገተም። ይሄን አየሁ። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች በሩ ላይ ቆመች። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አልጋው፣ የልጆቹ ፍራሽ፣ ሁለት ሻንጣ፣ ጣሪያው ለሚያፈሰው የተደረደሩ ሦስት ጣሳዎች። እኔ ሳፋው ላይ ጎንበስ ብያለሁ፣ እሷ በሩን ይዛለች። ለማለፍ አንዳችን መንቀሳቀስ ነበረብን።

"መቼ ነው ያወቅሽው?" አልኳት።

"ሰኞ ማታ" አለች። "እንዲህ ይሆናል ብሎ አላሰበም፣ አባ። ገልብጪው አለኝ፣ ገለበጥኩት።"

"አሥር ቀን እራት አቀረብሽልኝ።"

"ታዲያ ምን ላድርግ? እሱ ከተባረረ እነዚህ ልጆች ምን ይበላሉ? ግማሹን ኪራይ የሚከፍለው ማን ነው? እርስዎ ዓመት ቢሠሩ ነው።"

"ዳኜም ልጆች አሉት።"

"ዳኜ ለኔ ምኔ ነው?" አለች።

ከሳፋው ቀና አልኩ። ከዚያ ነገርኳት፤ በሁለት ዓረፍተ ነገር ያልቃል። እናትሽ በታመመች ጊዜ መጋዘኑን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱን የወሰደው እሱ ነው። እናትሽ የጠጣችው መድኃኒት በሱ ነው የተገዛው። ሬሐና በሩን ለቀቀች። ፊቷ የእናቷን ይመስላል፤ ስትናደድ ይበልጥ። "ይሄን ነግረውኝ አያውቁም" አለች። "አንቺም አልነገርሽኝም" አልኳት። ጆንያውን አጥፌ በብብቴ ይዤ ወጣሁ። ከኋላዬ "አባ!" አለች፣ አንድ ጊዜ። ዞሬ ብመለከታት እንደምቀር አውቃለሁ። አልዞርኩም።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ የሰው ኃይል ቢሮ በር አንኳኳሁ። በአንድ እጄ ጆንያው፣ በሌላው ሽቦው ከሃያ ሁለቱ የጆንያ ጥጎች ጋር አለ። ውስጥ ሦስት ሰው ነው ያለው፤ ሥራ አስኪያጁ፣ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ፀደንያና ጃዕፈር። ፀደንያ በየቀኑ ከአዲስ አበባ በሰርቪስ የምትመላለስ ልጅ ናት፤ ክፉ አይደለችም፣ ወረቀት ያለውን ታምናለች። ግድግዳው ላይ የብረት ቆብ ያደረገ ሰው ሥዕል ተለጥፏል፤ ደህንነት ይቅደም ይላል። በፋብሪካው ውስጥ እንዲህ ያለ ቆብ አይቼ አላውቅም።

"ጋሽ አብዶ፣ ስብሰባ ላይ ነን። ነገ ቢመጡ?" አለች ፀደንያ።

"ነገ ፈርማችኋል" አልኳት።

ጆንያውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ዱቄት በወረቀቶቻቸው ላይ ረገፈ። ወደ ትክክለኛው ገጹ መለስኩትና ቀዩን ቁጥር አሳየሁ። ሽቦውን አጠገቡ አስቀመጥኩ። እዚህ ላይ ከአንድ እስከ ሃያ ሁለት አለ፣ ይሄ ሃያ ሦስተኛው ነው፣ ባዶ ሆኖ ያልተሰነጠቀው እሱ ብቻ ነው፣ ቅዳሜ የተከፈተው እሱ ነው አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ከየት እንዳገኘሁት ጠየቀኝ። "ከቤቴ። ከልጄ አልጋ ሥር" አልኩ። ማንም ጃዕፈርን አላየውም፣ እኔ ብቻ አየሁት። የለበሰው ሸሚዝ የኔ ነው፤ ለኢድ የገዛሁት፣ ለዛሬ ብሎ ጠዋት የወሰደው።

"አባ" አለ በዝግታ፣ "ይሄን ቤት ሄደን እንነጋገርበት።"

"አሥር ቀን ቤት ነበርን።"

መጀመሪያ ጆንያውን ባዶውን እንዳገኘው ተናገረ። ፀደንያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ "ውስጡ የነበረውስ የት ገባ?" አለችው። ጃዕፈር ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ "ልጆቹ የሻገተ እየበሉ ነበር" አለ። "ስድስት ኪሎ ቢሆን ነው የተረፈው። እሱም ነጭ፣ ያም ነጭ። ማሽን አጠገብ ካለው ጆንያ ላይ ደፋሁት። ለምን እንደማይገናኝ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። አባ ሁልጊዜ ሰንጥቅ ይሉኛል፤ ለምን ይሰነጠቃል ስል ሰንጥቅ ብያለሁ ይሉኛል።" ይሄ እውነት ነው። አልነገርኩትም። መታዘዝ ይበቃል ብዬ ነበር። ግን ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ዳኜ ሲወድቅ አይቷል። ሰኞ ማታ ጆንያው ተገልብጧል። ማክሰኞ ወረቀቱን ጽፏል። እኔ አርጅቻለሁ ያለውን ሳይሆን ይሄን ነው መዋጥ ያቃተኝ፤ በየማታው አብረን አንድ ሳህን ላይ በልተናል፣ ጉርሻ ሰጥቶኛል።

"ሌላም አለ" አልኩ። ከፀደንያ አጠገብ የተከፈተ አሮጌ ፋይል ነበር፤ ከላይ ያለችው ወረቀት ቢጫ ሆናለች። እሷን አመለከትኩ። ምድጃውን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ተኝቼም ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፣ ዳኜ የወሰደልኝ ሚስቴ ታማ ስለነበር ነው አልኩ። ሥራ አስኪያጁ በዚያን ጊዜ አልነበረም፤ ሦስት ዓመቱ ነው እዚህ። ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አየኝ። "ይሄን አሁን መናገርዎ የሚያስከትለውን ያውቃሉ?" አለ። "አውቃለሁ።" "ጡረታዎ ስንት ቀረው?" "ዓመት ከሦስት ወር።" "ታዲያ ለምን አሁን?" "ወረቀቷን አሁን ስላወጣችኋት" አልኩት።

የምለውን ፀደንያ ጻፈች፤ የኔ ጽሕፈት ያዘግማል። ፈረምኩ። ጃዕፈር ከሥራ ታግዶ እንዲቆይ ተባለ፣ የዳኜ ጉዳት በሥራ ላይ የደረሰ ተብሎ እንዲጻፍ፣ ሕክምናውን ድርጅቱ እንዲችል። እኔም ውሳኔ እስኪሰጥ ቁልፉን እንዳስረክብ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፣ ቢላውን አጠገቡ። "ሚጥሚጣውንና ፒቪሲውን አታቀራርቧቸው" አልኳት ፀደንያን። "ለሚተካኝ ሰው ለምን እንደሆነም ንገሩት።" ራሷን ነቀነቀች። የድሮዋን ማስጠንቀቂያ ቅጂ እንድትሰጠኝ ለመንኳት። ሥራ አስኪያጁን አየችው፣ እሱ ትከሻውን ነቀነቀ። ቢጫዋን ወረቀት ኮፒ አደረገች፣ በዋናውም በኮፒውም ላይ በቀይ ተሽሯል ብላ ጽፋ ማኅተም መታችበት። ስወጣ ጃዕፈር ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ይሳደባል ብዬ ነበር። "ማታ ይመጣሉ?" አለኝ ብቻ። "ቤቴ ነው" አልኩት።

ዳኜ ዓለም ገና ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ የእህል ወፍጮውን አልፎ ነው የሚኖረው። ዝናቡ አቁሟል፣ ጭቃው አላቆመም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረስኩ። ሚስቱ ሰብለወርቅ በሩን ከፈተችልኝ፤ እጄን አየች፣ ዶሮ የለም፣ ፋሲካም አይደለም። "ምነው ጋሽ አብዶ፣ በደህና?" አለች። ከሆስፒታል የወጣው ዳኜ አልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ዓይኑ ድኗል። ትንፋሹ ግን ከመንገድ ይሰማል፤ እንደ ጠባብ ቱቦ ያፏጫል። ከሦስት ወንበሮች ሁለቱ ላይ ልጆች የቤት ሥራ ይሠራሉ። ሦስተኛው ላይ የታጠበ ልብስ ተከምሯል።

"ግባ" አለኝ፣ እንደ ሁልጊዜው። በአንድ ቃል ቆም አለ፣ ተነፈሰ። "ወይስ ትቸኩላለህ?"

በሩ ላይ ቆሜ ነገርኩት። "ጆንያው ተገኘ። ጃዕፈር ነው። ነገርኳቸው።" ዳኜ ልጆቹን ያያል። "ምድጃውንም ነገርኳቸው" አልኩ። ይሄን ጊዜ አየኝ። ወረቀቷን ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁለት፤ እሱ አልተቀበለኝም፣ ሰብለወርቅ ተቀበለችኝ። መስኮቱ ጋ ሄዳ አነበበችው፣ መጀመሪያ በልቧ፣ ከዚያ ጮክ ብላ። በፈረቃ መሪነቱ ባሳየው ከፍተኛ ቸልተኝነት የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰበረ። እኔን ሳይሆን ባሏን አየችው። "አንተ፣ እኔንም እኮ አሥራ አራት ዓመት ዋሽተኸኛል!" አለችው። ሊስቅ ሞከረ፣ ሳል ያዘው። ሳሉ ረጅም ነበር። ልጆቹ እርሳሳቸውን አስቀምጠው ጠበቁ፣ እኔም ጠበቅኩ። ሲያልፍለት ዓይኑን ጠረገ። ወረቀቷን ከሚስቱ እጅ ወስዶ ቀዩን ጽሕፈት ለብቻው በጣቱ ዳሰሰው።

"ዘገየህ" አለኝ።

"ዘገየሁ።"

"ልጅህስ?"

ጭቃ የያዘ ጫማዬን አየሁ። ዳኜ አየኝ፤ አንድ ትንፋሽ ወሰደ፣ ሌላ ወሰደ። ከዚያ ወደ ሰብለወርቅ ዞረ። "ልብሱን አንሺለት" አላት። እሷ ክምሩን አቅፋ አልጋው ጥግ ላይ አደረገች፣ ወንበሩን በመዳፏ ጠረገችና ወደኔ ገፋችው። አንዱ እግሩ አጭር ነው፣ ይወዛወዛል።

ጫማዬን አወለቅኩ። ገብቼ ተቀመጥኩ።